የሦስተኛው አልጋ ፊርማ

ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ አንድ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል አጠገብ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ ረፋዱ ላይ፤ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ወይንሸትና ሆስፒታሉ በቅርቡ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው የመረጣቸው የነገረ መለኮት ምሁር መምህር ቃለጽድቅ።

መምህር ቃለጽድቅ፦ አልልም አልኩ እኮ፣ ዶክተር! ስንት ጊዜ ልናገር?

ዶክተር ወይንሸት፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የምለምንዎ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኗል፣ ልጅሽን ልቀቂያት» ይበሏትና ይውጡ። የስምምነት ወረቀቱን እኔ አስፈርማታለሁ።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ማሽኑን የሚያጠፉት እርስዎ፣ ፈቃዱ የእግዚአብሔር። የእኔ ፈቃድ ነው ብለው ለምን አይነግሯትም?

ዶክተር ወይንሸት፦ ነግሬያታለሁ። አራት ጊዜ። ልጇ ትርሲት ከሞተች ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው፣ መምህር። ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ ሁለት ሁለት ጊዜ መርምረዋታል። አንጎሏ ውስጥ የቀረ ነገር የለም። ደረቷን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ማሽኑ ነው። እናትየው ግን ደረቷን እያየች «ትተነፍሳለች» ትለኛለች። ትናንት ስገባ ጥፍሯን ስትቆርጥላት አገኘኋት።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ትቁረጥላት። ምን ቸገረዎት?

ዶክተር ወይንሸት፦ የቸገረኝ ታች ድንገተኛ ክፍል ነው ያለው። የሃያ አራት ዓመት ሴት ናት፣ ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ። ሳንባዋ ውሃ ሞልቷል። ከትናንት ጀምሮ ነርሶች እየተፈራረቁ በእጃቸው ፊኛ እየጨመቁ ነው የሚያስተነፍሷት። አንዷ ጣቷ አልታዘዝ ብሏት ስታለቅስ ነው አሁን ትቻት የመጣሁት። እዚህ ቤት ሦስት ማሽን ነው ያለን። ሁለቱ ላይ ሊድኑ የሚችሉ ሰዎች አሉ። ሦስተኛው ላይ ሬሳ ተኝቷል።

መምህር ቃለጽድቅ፦ አነጋገርዎን ያስተካክሉ።

ዶክተር ወይንሸት፦ በግዕዝ ልበልልዎ? በድን። አሁን ደስ አለዎት?

መምህር ቃለጽድቅ፦ ታች ያለችው ስሟ ማነው?

ዶክተር ወይንሸት፦ ነጂባ። ምነው፣ ስሟን ሲሰሙ ጥድፊያው ቀነሰ?

መምህር ቃለጽድቅ፦ የጠየቅኩት ልጸልይላት ነው።

ዶክተር ወይንሸት፦ ጸሎቱን ባሏ ጀምሮታል። አራስ ልጁን ታቅፎ ኮሪደር ላይ ቆሟል። ከእርስዎ የምፈልገው ሌላ ነው።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ልጅቱ ሞታለች ካላችሁ ደግሞ የማንም ፊርማ ለምን ያስፈልጋል? ሕክምና ነው፣ የእናንተ ሥልጣን ነው።

ዶክተር ወይንሸት፦ መመሪያው «ቤተሰብ ይስማማ» ይላል። መመሪያውስ ይቅር። ያለ ፊርማ ባጠፋው እናትየው ደጅ ወጥታ አንድ ጊዜ ብቻ ትጮሃለች። ከምሳ በፊት ግቢው በሰው ይሞላል። «ሆስፒታሉ ልጅ ገደለ» የሚል ቪዲዮ በየስልኩ ይዞራል። ባለፈው ዓመት መስኮት ሲሰበርብን፣ ነርሷ ስትደበደብ ሰምተዋል አይደል?

መምህር ቃለጽድቅ፦ ሰምቻለሁ።

ዶክተር ወይንሸት፦ ተማሪ ሳለሁ አስተማሪዎቻችን ምን ይሉን እንደነበር ያውቃሉ? «ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሲበዛ ይሄ ሁሉ በራሱ ጊዜ ይከስማል።» አመንኳቸው። ሠላሳ ዓመት ጠበቅኩ። ትምህርት ቤቱ በዛ፣ ክሊኒኩም በዛ፣ የረዘመው ወረፋ ግን የጠበል ቦታው ነው። እሺ፣ ተሸነፍኩ። ያሸነፈው ይምጣና ሥራውን ይሥራ ብዬ ነው የጠራሁዎት።

መምህር ቃለጽድቅ፦ እኔ ማንንም አላሸነፍኩም።

ዶክተር ወይንሸት፦ ባለፈው ዓመት አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆመው ምን ነበር ያሉት? «ሃይማኖት ወደ አደባባይ ሲመለስ የአደባባዩንም ሸክም ተሸክሞ ይመለስ።» ቆሜ አጨበጨብኩልዎ፣ እውነቴን ነው። ለኮሚቴው ስምዎን ያቀረብኩትም ከዚያ በኋላ ነው። አደባባዩ ይኸውልዎ። ሦስት አልጋ ነው።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ያኔ ያልኩት ነገረ መለኮት ይናገር፣ ይጠይቅ፣ ይገሥጽ ነው። ሐኪም ሲከብደው የሚወጋው ማደንዘዣ ይሁን አላልኩም።

ዶክተር ወይንሸት፦ ማደንዘዣ ቢሆን ኖሮማ ጥሩ ነበር። ማደንዘዣ «ልቤ አልፈቀደም» ብሎ አይከራከረኝም።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ይቀልዱ። እኔ ግን እዚያ ክፍል ገብቼ እግዚአብሔር ያላለውን ብሏል አልልም። ፈቃዱ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ዶክተር ወይንሸት፦ አያውቁም?

መምህር ቃለጽድቅ፦ አላውቅም።

ዶክተር ወይንሸት፦ ሦስት አገር ተምረው፣ ሁለት መጽሐፍ ጽፈው፣ አያውቁም። ጠበሉ ላይ ያለው አጥማቂ ስድስተኛ ክፍል አልጨረሰም፣ እሱ ግን በየቀኑ ጠዋት ያውቃል። ሕዝቡ ወደሱ ቢሄድ ምን ይገርማል?

መምህር ቃለጽድቅ፦ እሺ፣ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። አራት ጊዜ ነገርኳት አሉኝ። ለምን አልሰማችዎትም?

ዶክተር ወይንሸት፦ ሐዘን ላይ ናት።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ሐዘን ላይ ያለች ሴት አንዱ ነርስ ሲያናግራት ትመልስለታለች። የጽዳት ሠራተኛዋ ዳቦ ብትሰጣት ትቀበላታለች። እርስዎ ሲገቡ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ጠዋት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ለምን?

ዶክተር ወይንሸት፦ አላውቅም።

መምህር ቃለጽድቅ፦ አሁን እርስዎም የማያውቁት ነገር ተገኘ። እኔ ግን ነግራኛለች። ልንገርዎት?

ዶክተር ወይንሸት፦ ጊዜ የለንም።

መምህር ቃለጽድቅ፦ የዛሬ አንድ ወር ተኩል ነው። ትርሲት ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት፣ በእርስዎ ኪኒን ሦስት ዓመት ደህና ሆና ቆይታ ነበር። ለልጅቱ ሽማግሌ ተላከ። እናቷ ወይዘሮ ድንቅነሽ ኪኒኑ በሰው ፊት እንዳይታወቅ፣ ልጇ ሙሉ ለሙሉ ድና እንድትዳር ፈለገች። እዚህ ቢሮ መጣችና «ጠበል ልወስዳት ነው፣ ምን ይመክሩኛል» ብላ ጠየቀችዎት። ልትማከር ነው የመጣችው። እርስዎ ምን አሏት?

ዶክተር ወይንሸት፦ ኪኒኑን እንዳታቋርጥ ነገርኳት።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ሌላስ?

ዶክተር ወይንሸት፦ የዚያን ቀን አርባ ሁለት በሽተኛ አይቼ ነበር።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ሌላስ፣ ዶክተር?

ዶክተር ወይንሸት፦ «ውሰጃት» አልኳት። «ስትሞት መልሰሽ ታመጫታለሽ።»

መምህር ቃለጽድቅ፦ ተማሪዎችዎ ፊት።

ዶክተር ወይንሸት፦ ስድስት ተማሪዎች ነበሩ።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ሳቁ?

ዶክተር ወይንሸት፦ ሁለቱ ሳቁ።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ሦስት ናቸው የምትለው እሷ። ቆጥራቸዋለች። አንዱ የጥርስ ማሰሪያ እንዳደረገ ሳይቀር ታስታውሳለች። አሁን «ሞታለች» ብላ ብትፈርም የእርስዎን ትንቢት በገዛ እጇ የፈጸመች ይመስላታል። እርስዎን ትክክል ላለማድረግ ነው ልጇን ሙት አልልም ያለችው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ።

ዶክተር ወይንሸት፦ እና ይቅርታ ልጠይቃት? እዚያ ገብቼ ጉልበቷ ላይ ልውደቅ? ይሄው፣ አሁን ልግባ።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ይቅርታ ቢጠይቋት እንድትፈርም መሆኑን ታውቃለች። ሞኝ አይደለችም።

ዶክተር ወይንሸት፦ እኮ! እኔ ከጨዋታ ወጥቻለሁ። ለዚህ ነው እርስዎ የሚያስፈልጉት። ለእርስዎ ጀርባዋን አልሰጠችም። «አባቴ» ነው የምትልዎት፣ ሰምቻለሁ።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ቄስ እንኳን አይደለሁም። መምህር ነኝ ብያታለሁ፣ አልሰማ አለች።

ዶክተር ወይንሸት፦ የዋሻው ጠበል የጥናት ቡድን ሰብሳቢ እንደነበሩስ ነግረዋታል?

መምህር ቃለጽድቅ፦ ያ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ዶክተር ወይንሸት፦ ትርሲትን የወሰደቻት እዚያው ዋሻ ነው። አያውቁም ነበር?

መምህር ቃለጽድቅ፦ …አላልሽኝም። አላሉኝም።

ዶክተር ወይንሸት፦ አሁን አልኩዎት። የዛሬ ዓመት ተኩል ክልሉ ስድስት ሰው ሰይሞ ላከን። ሰብሳቢው እርስዎ፣ ብቸኛዋ ሐኪም እኔ። ሰዎች በሰንሰለት ታስረው አየን። በቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ የተደፋ ኪኒን አየን። እርስዎ አንዱን ብልቃጥ አንሥተው ስሙን ጮክ ብለው አነበቡ። ማታ ቁጭ ብለው ረቂቁን ጻፉ። አራተኛው ነጥብ ምን ይል ነበር?

መምህር ቃለጽድቅ፦ ይተዉት።

ዶክተር ወይንሸት፦ «ሕሙማንን መድኃኒት የሚያስጥል አጥማቂ ከቦታው ይነሣ።» ቀጥ ያለ ነገር ነበር። ኮራሁብዎ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የታተመው መጣ። አራተኛው ነጥብ ምን ሆነ?

መምህር ቃለጽድቅ፦ ተሻሻለ።

ዶክተር ወይንሸት፦ «ሁለቱም ወገኖች ተከባብረው ይሥሩ።» የሚያምር ነው። ማንንም አያስቀይምም። ያን ሳምንት የኮሌጃችሁ ዲን እንዲሆኑ ስምዎ ቀርቦ ነበር።

መምህር ቃለጽድቅ፦ በዚያ ምክንያት አይደለም።

ዶክተር ወይንሸት፦ ሆኑ አይደል?

መምህር ቃለጽድቅ፦ …ሆንኩ። ግን በዚያ አይደለም! ቦታውን ብንዘጋው ሕዝቡ ወደ ባሰው ይሄድ ነበር። ከውስጥ ሆነን ቀስ በቀስ እናስተምራለን፣ አጥማቂዎቹን እናሠለጥናለን ብዬ ነው። መቻቻል ጊዜ ይፈልጋል።

ዶክተር ወይንሸት፦ ሠለጠኑ?

መምህር ቃለጽድቅ፦ በጀቱ አልተለቀቀም።

ዶክተር ወይንሸት፦ ትርሲት ደግሞ ሳይለቀቅ ደረሰች። መድኃኒቱን ባቆመች በሦስተኛ ሳምንቷ መጣል ጀመራት። አምስት ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ጣላት። እነሱ «ጋኔኑ እየጮኸ ነው» እያሉ ውሃ ያፈሱባት ነበር። ትንፋሿ ሲቆም ነው በባጃጅ ያመጧት።

መምህር ቃለጽድቅ፦ አንቺስ? ፊርማሽ የት ነው ያለው? ከእኔ ፊርማ ሥር አይደለም እንዴ? «አልስማማም» የሚል ቦታ ነበረው ወረቀቱ፣ ባዶውን ነው የመጣው!

ዶክተር ወይንሸት፦ አንቺ አሉኝ? ጎሽ። አሁን መነጋገር ጀመርን።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ለምን ፈረምሽ?

ዶክተር ወይንሸት፦ ስብሰባው ሰልችቶኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ለውዝ እየበላን ስለ «ዐውድ» ስናወራ ነበር። አንድ መስመር ቢቀየር ማን ያነበዋል ብዬ ፈረምኩና ወደ በሽተኞቼ ተመለስኩ። ይኸው ነው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ስለ አደባባይ ሸክም አልተናገርኩም።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ጨካኝ ነሽ።

ዶክተር ወይንሸት፦ ነኝ። ጭካኔዬ ግን ሰው ያድናል አንዳንዴ። የእርስዎ ደግነት ማንን እንዳዳነ ይንገሩኝ። ይቅር፣ ሌላ ልጠይቅዎ። ከልቤ ነው የምጠይቀው። ይሄ ትምህርትዎ ለምንድን ነው የሚያገለግለው? ተራ ቄስ ያጽናናል፣ አጥማቂው ተስፋ ይሰጣል፣ እኔ እወጋለሁ እቀዳለሁ። እርስዎ እኛ ሁላችን የሌለን ምን አለዎት?

መምህር ቃለጽድቅ፦ ስለ እግዚአብሔር የሚነገረውን ሐሰት ከእውነት እለያለሁ። ሌላ ሥራ የለኝም።

ዶክተር ወይንሸት፦ እውነት?

መምህር ቃለጽድቅ፦ አዎ።

ዶክተር ወይንሸት፦ ታዲያ ይግቡና እውነቱን ይንገሯት። የእኔን ዓረፍተ ነገር ይጣሉት። «የእግዚአብሔር ፈቃድ» አይበሉ። ልጅቱ ለምን እንደሞተች ይንገሯት። ወይስ እውነቱ ለአዳራሽ ብቻ ነው?

መምህር ቃለጽድቅ፦ ያ እናትን መግደል ነው።

ዶክተር ወይንሸት፦ የእኔን ውሸት አልፈልግም ብለዋል። የራስዎን እውነት ደግሞ ፈሩት። ታች ፊኛው እየተጨመቀ ነው፣ መምህር። አንዱን ይምረጡ።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ወረቀቱን አምጪው።

ዶክተር ወይንሸት፦ ይኸው። እስክሪብቶም ይያዙ።

መምህር ቃለጽድቅ፦ በሩን እዘጋለሁ። ነርስም ሆነ አንቺ፣ ማንም እንዳይገባ። ማንም!

ዶክተር ወይንሸት፦ ማንም አይገባም።

* * *

ዶክተር ወይንሸት፦ አርባ ደቂቃ ፈጀብዎ። ይቀመጡ። ውሃ ልስጥዎት?

መምህር ቃለጽድቅ፦ ፈርማለች።

ዶክተር ወይንሸት፦ አየሁት። ጥርት ያለ ፊርማ ነው። ምን አሏት?

መምህር ቃለጽድቅ፦ መጀመሪያ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ስለ ልጅቱ ታወራልኝ ጀመር። ቁመቷ ከአባቷ ነው፣ ሩጫ ትወድ ነበር፣ «መድረክ ላይ ወጥታ እንዳትወድቅ ብዬ ከትምህርት ቤት ቲያትር ያስወጣኋት እኔ ነኝ» አለችኝ። እሷ ራሷ ናት መንገዱን የከፈተችልኝ። «አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንዳይዋሹኝ» አለች። «ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ?»

ዶክተር ወይንሸት፦ እና?

መምህር ቃለጽድቅ፦ «አይደለሽም» ልል አፌን ከፈትኩ። እዚህ ያልሽኝ መጣብኝ። «ኪኒኑን ማቆሟ ነው የገደላት» አልኳት።

ዶክተር ወይንሸት፦ አለቀሰች?

መምህር ቃለጽድቅ፦ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። «እኔ እኮ ላስቆማት አልፈለግኩም» አለችኝ። ኪኒኑን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነው ይዛው የሄደችው። ጠዋት ጠዋት ደብቃ ልትሰጣት። በር ላይ ያለው አስተናባሪ አገኘባት። እሷም ተከራከረችው፣ «ሐኪሟ አታቁሚ ብላኛለች» አለችው።

ዶክተር ወይንሸት፦ እንደዚያ አለች?

መምህር ቃለጽድቅ፦ አዎ፣ ያቺ የሰደብሻት ሴት ቃልሽን ይዛ ተከራከረችልሽ። እሱም ከግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት አሳያት። በፕላስቲክ ተለብጦ፣ ማኅተም ያለበት። «ይኸው፣ ከከተማ ሊቃውንትና ሐኪም መጥተው መርምረውናል፣ አንዳችም ጥፋት አላገኙብንም፣ እንከባበር ብለው ፈርመውልናል» አላት። ሴትዮዋ ማንበብ ትችላለች። ስሜን አንብባዋለች። ያኔ ነው ኪኒኑን ወንዝ ውስጥ የበተነችው።

ዶክተር ወይንሸት፦ አሁን ያ ስም የእርስዎ መሆኑን አወቀች?

መምህር ቃለጽድቅ፦ እኔ ነገርኳት። «ያን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «መጀመሪያ ሌላ ጽፌ ነበር፣ ፈርቼ ቀየርኩት» አልኳት። ሁሉንም።

ዶክተር ወይንሸት፦ ይሄንን ማን ንገራት አለዎት?

መምህር ቃለጽድቅ፦ አንቺ! እውነቱን ንገራት ያልሽው አንቺ አይደለሽም?

ዶክተር ወይንሸት፦ ስለ ኪኒኑ ነው ያልኩት። የእርስዎን ኑዛዜ እሷ ላይ ያራግፉ አላልኩም። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የቀራት አንድ የምታምነው ሰው ነበር።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ግማሹን እውነት ተናግሬ ጥፋቱን በእሷ ላይ ብቻ ጥዬ መውጣት ነበረብኝ?

ዶክተር ወይንሸት፦ አላውቅም። እሺ፣ ከዚያስ?

መምህር ቃለጽድቅ፦ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች። ፈረመች። ከዚያ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ በጥርሷ ቆረጠችና መዳፌ ላይ አኖረችው። «ይሄም የእናንተ ነው፣ ውሰዱት» አለችኝ። ይኸው፣ እጄ ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ከተጠመቀችበት ቀን ጀምሮ አውልቃው አታውቅም።

ዶክተር ወይንሸት፦ ትመልሰዋለች። ሐዘን ነው።

መምህር ቃለጽድቅ፦ አትመልሰውም። ዓይኗን አላየሽውም። «አባቴ» አላለችኝም ስወጣ። «በሩን ዝጉት» ነው ያለችኝ።

ዶክተር ወይንሸት፦ መምህር…

መምህር ቃለጽድቅ፦ ይሁን። ቢያንስ ያቺ ልጅ ትተርፋለች። አራስ ልጇ እናት ይኖረዋል። እሱን እያሰብኩ ነው የወጣሁት። ቶሎ በይ፣ ማሽኑን አውርዱላት። ምን ትጠብቂያለሽ?

ዶክተር ወይንሸት፦ ነጂባ ሞታለች።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ምን አልሽ?

ዶክተር ወይንሸት፦ እርስዎ ከገቡ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ልቧ ቆመ። ሞከርን፣ አልተመለሰችም።

መምህር ቃለጽድቅ፦ አሥር ደቂቃ?

ዶክተር ወይንሸት፦ አዎ።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ባሏስ?

ዶክተር ወይንሸት፦ እኔው ነገርኩት። «ኢንና ሊላሂ፣ የአላህ ነን» አለና ቆመ። ከዚያ ሕፃኑ ወተት ጠጥቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ማንም ምንም እንዲጨምርለት አላስፈለገውም።

መምህር ቃለጽድቅ፦ አሥር ደቂቃ። እኔ ስለ ኪኒኑ የነገርኳት ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ለምን አላንኳኳሽም?

ዶክተር ወይንሸት፦ ማንም እንዳይገባ ብለዋል።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ወይንሸት! አትቀልጂብኝ። ለምን አላንኳኳሽም?

ዶክተር ወይንሸት፦ መጥቼ ነበር። በበሩ መስታወት አየሁዎት። ገና እጇን ይዘው እያዳመጧት ነበር። ምንም አላሏትም ነበር፣ ከፊቷ ያስታውቃል። እጄን ለማንኳኳት አንሥቼ ነበር።

መምህር ቃለጽድቅ፦ እና?

ዶክተር ወይንሸት፦ አወረድኩት።

መምህር ቃለጽድቅ፦ አቤት! አቤት አንቺ ሴት! ለማን ብለሽ? ማሽኑን የሚፈልገው ሰው ሞቶ ሳለ?

ዶክተር ወይንሸት፦ ወደ በሩ ከመምጣቴ በፊት ከወረዳ ሆስፒታል ተደውሎልኝ ነበር። መኪና የገጨው አስተማሪ በአምቡላንስ እየመጣ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደርሳል። ያን ጊዜም ሦስተኛው አልጋ ላይ ትርሲት ብትኖር፣ ያን ጊዜም እርስዎ ፈቃዱን አላውቅም ብለው ቢቆሙ፣ እሱም ኮሪደር ላይ ይሞትብኛል። እርስዎ ዛሬ አንድ ጊዜ ቆርጠው ገብተዋል። ሁለተኛ እንደማይገቡ አውቅ ነበር።

መምህር ቃለጽድቅ፦ ወረቀቱን ስጪኝ።

ዶክተር ወይንሸት፦ ምን ሊያደርጉት?

መምህር ቃለጽድቅ፦ እቀድደዋለሁ። ተመልሼ እገባለሁ። አንድ ቀን ይሰጣት። በሥርዓት ትሰናበታት። ይሄ በግፍ የተወሰደ ፊርማ ነው።

ዶክተር ወይንሸት፦ ፊርማው የእሷ ነው። እንድትፈርም ያደረጋት የነገሯት እውነት ነው፣ የእርስዎ ቃል ነው። የቱን ነው የሚቀድዱት?

መምህር ቃለጽድቅ፦ ስጪኝ አልኩሽ!

ዶክተር ወይንሸት፦ ፋይል ውስጥ ገብቷል። ቁጥር ተሰጥቶታል። አስተማሪው ሦስት ልጆች አሉት፣ መምህር። የእሱንም ስም ይፈልጋሉ? እንዲጸልዩለት? ኮሚቴው ሰኞ ይሰበሰባል። ስለ ዛሬው የሚጻፈውን እኔ እጽፈዋለሁ። «በሃይማኖት አማካሪው ምክር ቤተሰብ በሰላም ተስማምቷል» ነው የሚለው። እርስዎ ማረም ከፈለጉ ቦታ አለው ወረቀቱ።

መምህር ቃለጽድቅ፦ እናትየውስ? እዚያ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ልጇ ከእጇ ሲወጣ ማን አጠገቧ ይሁን? እግዚአብሔር የላትም አሁን። እኔም የለሁላትም። አንቺን አታይሽም። ምን ልናደርጋት ነው?

ዶክተር ወይንሸት፦ ምን እናደርጋታለን ይሉኛል? ማሽኑን እኔ አጠፋለሁ። እናትየው የእርስዎ ናት።